ከዘጌ ግድግዳ እስከ ሲኒማ አዳራሽ፦ የምስልና የተመልካች ታሪክ

ስለ ፊልም ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የሠሪው ታሪክ ነው። ማን ደረሰው፣ ማን አዘጋጀው፣ ማን ተጫወተበት፣ በየትኛው ዓመት ተነሣ የሚለው ሁሉ በዝርዝር ይነገራል። ፊልሙ በማን እጅ አልፎ፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው አዳራሽ፣ ለየትኛው ሕዝብ ታየ የሚለው ጥያቄ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ሆኖም ፊልምን ከሌሎች የኪነ ጥበብ ዘርፎች የሚለየው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ግጥም በአንድ ሰው አንደበት ከቀዬ ወደ ቀዬ ይጓዛል፤ ዜማም ያለ ወረቀት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ፊልም ግን መሣሪያ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ጨለማ ክፍልና ገንዘብ ካላገኘ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ግዑዝ ነገር ነው። ሰው ካላየው ሥራው ተጀመረ እንጂ ተፈጸመ አይባልም።

በዚህ ጽሑፍ የሀገራችንን የፊልም ታሪክ ከተመልካቹ በኩል፣ በተለይም ከጣና ዳር ቆመን ለመመርመር እንሞክራለን። መነሻችንን ዘጌ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲኒማ ከመፈልሰፉ ከብዙ ዘመን በፊት፣ በዚህ ልሳነ ምድር ላይ ምስልን ለሕዝብ የማቅረብ ጥያቄ በራሱ መንገድ መልስ አግኝቶ ነበርና።

የዘጌ ግድግዳ

ዘጌ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ፣ በቡናና በሀገር በቀል ዛፎች የተሸፈነ ምድር ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ በትውፊት የተከለከለበት በመሆኑ ሕዝቡ ኑሮውን የመሠረተው በቡናው፣ በጌሾውና በፍራፍሬው ላይ ነው። የቡናው ጆንያ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ተጭኖ ሐይቁን እያቋረጠ ወደ ገበያ ሲወጣ ኖሯል። በዚህ ደን ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና በትረ ማርያምን የመሳሰሉ ገዳማት ይገኛሉ።

ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚገባ ሰው በክቡ ሕንፃ መካከል የቆመውን የመቅደሱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ያየዋል። ሥዕሉ በአብዛኛው በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ትዕይንቶቹ በረድፍ በረድፍ ተከፋፍለው ተራ በተራ ይነበባሉ፤ አንዱ ትዕይንት ከቀጣዩ ጋር ሲያያዝ ታሪክ ይወለዳል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ መሠረት ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረው ምዕመንም ቢሆን ባለታሪኮቹን ለይቶ ያውቃል። ካህኑ በመቋሚያው እየጠቆመ ሲያስረዳ ደግሞ ምስሉ ድምፅ ያገኛል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሠዓሊው ሥዕሉን የሣለው ሕዝቡ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ላይ ነው። ወጪውን የሸፈነውም ባለጸጋ ወይም መኳንንት በሀገራችን እንደተለመደው ከሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ ወይም በግንባሩ ተደፍቶ ስሙ ተጽፎለት ይታያል። ሠሪው፣ ገንዘብ ከፋዩና ተመልካቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ። በእርግጥ ይህ ሥርዓት ሁሉን በእኩልነት የሚያስተናግድ አልነበረም። በአቅራቢያው ባለው ደሴት ላይ የሚገኘው ክብራን ገብርኤል ለሴቶች የተዘጋ ስለሆነ በውስጡ ያሉትን ሥዕሎች ለማየት የሚችለው ወንዱ ብቻ ነው። ማን ያያል፣ ማን አያይም የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከሲኒማ ጋር የመጣ አዲስ ጥያቄ አይደለም።

ማሳያው ከሥራው ቀደመ

የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ለከፋይ ተመልካች የመጀመሪያውን ትርኢት ያቀረቡት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል ተገኘ። ያ ክፍለ ዘመን ሳይገባደድ ደግሞ አዲሱ የምስል መሣሪያ ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንግዲህ በጣም ዘግይቶ አይደለም። የገባበት በር ግን የቤተ መንግሥት በር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾችም ንጉሡና መኳንንቱ ነበሩ።

ለሕዝብ የተከፈተው አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ሕዝቡ በጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ጥላ በጥርጣሬ ስላየው ስፍራውን “ሰይጣን ቤት” አለው። ይህን ስያሜ እንደ ድንቁርና ቆጥሮ መሳቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስያሜው አንድ እውነት ይዟል። በዘጌ ግድግዳ ላይ ያለው ምስል ሕዝቡ የሚያውቀው፣ የእኔ የሚለው ነበር። በሰይጣን ቤት ሸራ ላይ የታየው ግን ሌላ ሰው፣ ለሌላ ሰው፣ በሌላ ሀገር የሠራው ነው። ሀገራችን ከፊልም ጋር የተዋወቀችው በተመልካችነት እንጂ በሠሪነት አልነበረም፤ ማሳያው ከሥራው በግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደመ።

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ይህን ልዩነት አሰፋው። ወራሪው ከጦሩ ጎን ለጎን የሉቼን የፊልም ክፍል አሰልፎ ነበር። ካሜራው የያዘው ድሉን፣ መንገዱንና ድልድዩን ሲሆን የተሸነፈውን ሕዝብ ደግሞ ለሮም ተመልካች እንደሚስማማ አድርጎ አቀረበው። በከተሞች የሲኒማ አዳራሾች ተሠሩ፤ ይሁን እንጂ በዘር ልዩነት ሕጉ መሠረት ነጩና ጥቁሩ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው እንዳያዩ ተደረገ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ሕንፃም ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ በዚያ ዘመን ተጀምሮ፣ ከነፃነት በኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ ተከፈተ። በወራሪው እጅ ለሲኒማ የታሰበው ቤት የተውኔት ማደሪያ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ፊልም ክብደት

የፊልምን ጉዞ ለመረዳት የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በየሴኮንዱ 24 ምስሎች በመብራቱ ፊት ያልፋሉ። የ90 ደቂቃ ፊልም ስለዚህ 129,600 ምስሎችን ይይዛል፤ ርዝመቱም 2.5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ በአንድ ጥቅል ስለማይሆን፣ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ያህል በሚሄዱ ጥቅሎች ተከፋፍሎ በቆርቆሮ ዕቃ ይጓጓዛል። በአዳራሹ ውስጥ ሁለት ማሳያዎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበለዋል፤ ተመልካቹ መለዋወጡን ሳያውቅ ታሪኩ ይቀጥላል። ይህን የሚያከናውነው ባለሙያ ስሙ ከማስታወቂያው ላይ አይገኝም፤ ያለ እርሱ ግን ፊልም የለም።

ከዚህ ጎን ለጎን 16 ሚሊ ሜትር የሚባለው ቀጭን ፊልም አለ። ማሳያው በአንድ ሰው ሊሸከሙት የሚቻል ስለሆነ፣ በመኪና ላይ ከጄኔሬተር ጋር ተጭኖ በትምህርት ቤት ቅጥርና በገበያ ሜዳ ነጭ ጨርቅ እየተወጠረ ይታይ ነበር። የገጠሩ ሕዝብ ከፊልም ጋር የተገናኘው በአብዛኛው በዚህ ተንቀሳቃሽ ሲኒማ አማካይነት ነው። ይዘቱም ስለ ወባ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ እርሻ ዘዴ የሚያስተምር እንጂ የገበሬውን የራሱን ታሪክ የሚተርክ አልነበረም። መኪናው መንገድ ካለበት ይደርሳል፤ እንደ ዘጌ ያለ በታንኳ የሚኖር ስፍራ ግን ከመኪናው መንገድ ጫፍ ይቀራል።

ሠሪውም ቢሆን ከባድ ሸክም ነበረበት። በሀገር ውስጥ የተቀረጸውን ፊልም የሚያጥብ ላቦራቶሪ ባለመኖሩ ኔጋቲቩ በአውሮፕላን ወደ ውጭ ሀገር ተልኮ ታጥቦ መመለስ ነበረበት። አዘጋጁ የቀረጸው ነገር ተበላሽቶ እንደሆነ የሚያውቀው ተዋናዮቹ ከተበተኑ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ስለሆነ አንድ ፊልም በጥቂት ቅጂ ብቻ ይወጣል። ቅጂው ጥቂት ከሆነ ደግሞ ከዋናው ከተማ አልፎ ክፍለ ሀገር የመድረስ ዕድሉ ጠባብ ይሆናል። የሥራው ችግርና የስርጭቱ ችግር የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች መሆናቸው ከዚህ ይታያል።

በ1957 ዓ.ም. ግድም የወጣው “ሂሩት አባቷ ማነው?” እና በአብዮቱ ዋዜማ የተሠራው “ጉማ” በዚህ ሁኔታ ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው። የመጀመሪያው በኢላላ ኢብሳ ተደርሶ በግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ የተዘጋጀ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሁለተኛው የሚሼል ፓፓታኪስ ሥራ ሲሆን፣ የደም መመላለስን ልማድ ርዕሱ ያደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የጉማ የፊልም ሽልማት ስያሜውን የወሰደው ከዚህ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል አሥር ዓመት ያህል አለ። በእነዚያ ዓመታት አዳራሾቹ ባዶ አልነበሩም፤ በአሜሪካ፣ በሕንድና በኢጣሊያ ፊልሞች ተሞልተው ነበር።

አንድ ፊልም፣ ሁለት ተመልካች

ፊልም ለማን እንደሚቀርብ የትርጉሙ አካል መሆኑን ከሁሉ በላይ ያሳየው የ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ምሽት ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውን ረሃብ ቀርጾ፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። የተሠራው ለብሪታንያ ተመልካች ነው፤ የተመልካቹም መልስ የእርዳታ ገንዘብ ሆነ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ምስል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ይሁን እንጂ እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥቱ ግብዣና የምቾት ኑሮ እየተሰካ እንደገና ተቀናብሮ ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ።

ረሃቡን ያየው ካሜራ አንድ ነው። በመጀመሪያው አቀራረብ ምስሉ ርኅራኄን ቀሰቀሰ፤ በሁለተኛው ደግሞ ቁጣን። ልዩነቱን የፈጠሩት የቅንብሩ መቀስና የተመልካቹ ማንነት ናቸው። ለአዲሱ ሥልጣን ምስሉ የፖለቲካ መሣሪያ መሆኑም ሊካድ አይችልም። ከዚህም በላይ የሚያሳዝነው፣ ፊታቸው በሁለት ሀገሮች ቴሌቪዥን የታየው የወሎ ገበሬዎች ራሳቸው ከሁለቱም ተመልካቾች መካከል አልነበሩም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥን በዚያን ጊዜ የከተማ ሰው ንብረት ነበርና።

የጎንደሩ ልጅ

በዚሁ በአብዮቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ የነበረው ኃይሌ ገሪማ በትምህርት ቤቱ የእረፍት ጊዜ ወደ ሀገሩ መጥቶ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት”ን ቀረጸ። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር የተወለደ፣ “ጎንደሬ በጋሻው” የተሰኘው መጽሐፍ ደራሲ፣ አርበኛውና የተውኔት ሰው የገሪማ ታፈረ ልጅ ነው። ስለ ልጅነቱ ሲናገር ደጋግሞ የሚያነሣው ነገር አለ። በጎንደር ሲኒማ ቤት የታርዛንን ፊልም ሲያዩ እርሱና ጓደኞቹ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት ለታርዛን እየጮኹ ያስጠነቅቁት ነበር። የሲኒማ አዳራሽ ትምህርት ቤት መሆኑን፣ የሚያስተምረው ግን ሁልጊዜ መልካም አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በአያቱ ዘመን የጻድቁን ፊት ከክፉው ፊት ለመለየት የተማረ ሕዝብ፣ በልጅ ልጁ ዘመን የራሱን ፊት በአንድ ዓይን እንዲያይ ተደረገ።

“ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በአማርኛ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች ተሠራ። በአንድ ባላባት መሬት ላይ የሚደክም የጭሰኛ ቤተ ሰብና መሬቱን የተነጠቀው፣ እንደ እብድ የሚቆጠረው ከበበ ዋና ባለታሪኮቹ ናቸው። ፊልሙ የገበሬውን ቀን በገበሬው የጊዜ ልክ ያሳያል፤ ማረሱ፣ መጠበቁ፣ ዝም ማለቱ አይቸኮልበትም። ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከሚሄድበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

ቅንብሩ አልቆ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ሲቀርብ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ባላባቱን ከቦታው አንሥቶት ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ያለፈ ሥርዓት ምስክር ሆኖ ወጣ። የተመሰገነው ግን በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2006 የታደሰው በኢጣሊያ፣ በቦሎኛ ከተማ የፊልም ቤተ መዛግብት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ የተሠራ ታላቅ ሥራ የሕይወቱን ዋስትና ያገኘው ቀድሞ ወራሪ በነበረች ሀገር ባለሙያዎች እጅ መሆኑ ልንኮራበትም ልናፍርበትም የሚገባ ነገር ነው።

ኃይሌ የስርጭትን ችግር በሚገባ የተረዳ አዘጋጅ ነው። የባርነትን ታሪክ የሚተርከው “ሳንኮፋ” እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ሊቀበሉት አልፈለጉም። እርሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና አዳራሽ ራሳቸው ተከራይተው፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መምህራን አስተባብረው ከከተማ ወደ ከተማ አሳዩት። ተመልካቹ ወረፋ ይዞ ቆመ። ከዚህ የምንማረው ስርጭት የነጋዴ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ የተደራጀ ማኅበረሰብ የራሱን ፊልም ለራሱ ማድረስ ይችላል።

መንግሥት፣ ቪዲዮና ጤዛ

በ1967 ዓ.ም. ከታወጁት ለውጦች ጋር የሲኒማ አዳራሾች ወደ መንግሥት ይዞታ ገቡ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። የብርሃኑ ሽብሩ “በሕይወት ዙሪያ” እና የሰሎሞን በቀለ ወያ “አስቴር” የዚያ ዘመን ታዋቂ ፍሬዎች ናቸው። ሠሪውና አዳራሹ በአንድ መንግሥት እጅ መግባታቸው ለስርጭት መልካም አጋጣሚ ሊሆን በተገባው ነበር። ነገር ግን የሥራዎቹ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ሆነ፤ ምን ይሠራ፣ ምን ይባል የሚለውም ከላይ ይወሰን ነበር። ኮርፖሬሽኑ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲዘጋ የተከማቸው ልምድ አብሮ ተበተነ።

ክፍተቱን የሞላው ቪዲዮ ነው። ቴዎድሮስ ተሾመ “ቀዝቃዛ ወላፈን”ን በ1995 ዓ.ም. ግድም ለአዳራሽ ካበቃ ወዲህ፣ በቪዲዮ ተቀርጸው በቪዲዮ ማሳያ የሚታዩ የአማርኛ ፊልሞች በረከቱ። ላቦራቶሪ አላስፈለገም፤ የውጭ ምንዛሪው ሸክም ቀለለ። የባሕር ዳር ተመልካችም እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ባሉ አዳራሾች የራሱን ቋንቋ ከሸራው ላይ ሰማ። የጥራት ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም፣ የሀገር ውስጥ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ በቲኬት ሽያጭ የሚተዳደር ሥራ የሆነው በዚህ ዘመን ነው።

በመጨረሻ ወደ ጣና ዳር እንመለስ። የኃይሌ ገሪማ “ጤዛ” እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የየነንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ። ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን ሀገር የሕክምና ሳይንስ ያጠና ምሁር ነው። በደርግ ዘመን ማብቂያ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ ይመለሳል፤ መንደራቸው ጣና ዳር ነው። ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ተደብቀዋል፤ በኮረብታው ላይ ኢጣሊያኖች ያቆሙት ሐውልት ሐይቁን እያየ ቆሟል። የተማረው ሰው ለሕዝቡ ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ በሐይቁ ጭጋግ ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የጀርመኑን ክፍል ለመቅረጽ ገንዘብ እስኪገኝ ሁለት ዓመት መጠበቅ አስፈልጎ ነበር።

የጣና ዳር ምስል እንግዲህ እስከ ቬኒስ ተጉዟል። ወደ አፋፍ ገበያ፣ ወደ ዘጌ ተማሪ ቤት መድረሱ ግን በፊልሙ ታላቅነት የሚወሰን አይደለም። ይህን የሚወስነው ሰው ነው።

ምን ይደረግ?

ዛሬ ማሳያ መሣሪያ በቦርሳ ይያዛል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይረዝም የነበረው ፊልም በጣት በምታህል ዕቃ ውስጥ ይገባል። ወጣቱም በእጅ ስልኩ ያሻውን ይመለከታል። ታዲያ የስርጭት ችግር ተፈታ ማለት ነውን? አልተፈታም። በስልክ የሚያይ ሰው ብቻውን ያያል፤ የሚያየውም ሌላ የመረጠለትን ነው። በአንድ ሸራ ፊት ተሰብስቦ፣ አብሮ ስቆና አብሮ አዝኖ፣ ሲያበቃ የሚከራከር ተመልካች ግን ከስልክ አይወለድም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይገባናል። አንደኛ፣ በአንድ ስፍራ ፊልም የሚቀርጽ አዘጋጅ ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ከሚያሳያቸው መካከል የዚያ ስፍራ ሕዝብ እንዲሆን ፈቃድ በሚሰጥበት ጊዜ በውል ይያዝ። ሁለተኛ፣ ቀደምት የሀገራችን ፊልሞች ቅጂ በባህል ማዕከላትና በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተሰብስቦ መምህራን ለትምህርት የሚጠቀሙበት መንገድ ይበጅ። ሦስተኛ፣ የባህል ሠራተኞች በዓመት ጥቂት ጊዜ እንኳ ማሳያውን በጀልባ ጭነው፣ ሐይቁን ተሻግረው፣ በተማሪ ቤት ቅጥር ሸራ ይወጥሩ። ይህ ሁሉ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው የኃላፊነት ስሜትን ነው።

የጥንቱ ሠዓሊ ታሪኩን ሕዝቡ በሚቆምበት ስፍራ ሣለው። የዛሬው ፊልም ሠሪም ሆነ ፊልሙን የማድረስ አደራ የተጣለበት ሁሉ ከዚህ ያነሰ ሊያስብ አይገባውም።